ከአሳማ ረድፍ የወጣችው ጉማሬ

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ሳሉስ ተወሽ? በተኛሽበት በኩል ብርድ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ካለም ለሚመለከተው አካል አቤት በይ፤ አንቺ አቤት ለማለት አፍረሽ አታውቂም። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ እንቅልፏ ብቻ ገና አልተመለሰም። እኔ ረዝሜያለሁ። የዩኒፎርሜ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል፤ ብታዪኝ ጎርፍ ልትሻገር ነው እንዴ ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

ደብዳቤው እንደማይደርስሽ ጠፍቶኝ አይደለም። አፈሩ ሲመለስብሽ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ግን ወሬ አለኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳልነግረው ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ በቦታው ቆሞ በዓይኑ አይቶታል። ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እታለም፣ አሸነፍን! ጉማሬዋ ከአሳማ ረድፍ ወጣች። ውሃ ውስጥ ወለደች። ልጇም ይኸው በሕይወት አለች።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። የምታውቂውንም ጨምሬ ነው የምነግርሽ፤ አለዚያ ደስታው አይወጣልኝም።

ለቀስተኛው ቤታችንን ለቆ ከሄደ በኋላ እማዬ ቦት ጫማሽንና የሥራ ካፖርትሽን ከእንስሳት ማቆያው እንዳመጣ ላከችኝ። ጋሽ ቱቦ በር ላይ አገኙኝ። እንደ ሁልጊዜው የውሃ ቱቦው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሟል። መጀመሪያ አቀፉኝ፣ ቱቦውም አብሮ አቀፈኝ። ከዚያ አንተ ቀጮ፣ ምግብ ትበላለህ ወይስ ዝም ብለህ ታየዋለህ አሉኝ። አየዋለሁ አልኳቸው። ሳቁና ሳቃቸውን መሀል ላይ ቆረጡት። ጉማሬያችን እመቤት እኮ አርግዛለች፤ እህትህ ጠርጥራ ነበር፤ ልክ ነበረች አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደረቁ ማዋለጃ ትዛወራለች፣ ትእዛዙ ወጥቷል አሉ።

ዳግመኛ እዚያ ሲሚንቶ ላይ? አልኳቸው። አንቺስ ብትሆኚ?

የመጀመሪያ ልጇን ነገር ማንሳት አልፈልግም ነበር። ሲሚንቶው ላይ ጭድ ተነጥፎ፣ ማሞቂያ አምፖል ተንጠልጥሎላት ነበር የወለደችው። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። የምትገባበት ውሃ አጥታ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ የገዛ ልጇን ረገጠችው። ያን ቀን አንቺ ቤት ገብተሽ ቦት ጫማሽን ሳታወልቂ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሽ። እማዬ ወለሉን አቆሸሽሽው ልትልሽ ጀምራ ተወችውና ጎንበስ ብላ ቦት ጫማሽን ራሷ አወለቀችልሽ።

ትእዛዙን ያወጣው ክፉ ሰው እንዳልሆነ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። የቤቱ አሠራር ነው። እንስሳቱ የሚቀመጡት በዝምድና ነው፤ የድመት ዘመዶች በአንድ ረድፍ፣ የፈረስ ዘመዶች በአንድ ረድፍ፣ የአሳማ ዘመዶች በአንድ ረድፍ። በየረድፉ ራስ ላይ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሰሌዳ አለ። ለየረድፉም አንድ ደንብ አለ፤ የምግቡ፣ የክትባቱ፣ የወሊዱ። የአሳማ ረድፍ ደንብ እርጉዝ እናት በደረቅና በሞቀ ክፍል ትወልዳለች ይላል። ለአሳማ እውነት ነው። ታዲያ ድሮ አንድ ሰው ጉማሬን ወስዶ የአሳማ ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምትወልደው እንደ ተፈጥሮዋ ሳይሆን እንደ ሰሌዳዋ ነው። አንቺ ውሃ ይሰጣት እያልሽ ስትለምኚ ሥራ አስኪያጁ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው። ለአንድ እንስሳ ብዬ ደንብ አላፈርስም።

ካፖርትሽን ታቅፌ አውቶቡስ ውስጥ ስመለስ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ደንቡን ማን አፍርስ አላቸው? ደንቡ ይቀመጥ። ጉማሬዋን ከረድፉ ማውጣት ነው! ይቅርታ አድርጊልኝና ይህቺ ሐሳብ የኔ ናት፤ አንቺ አላልሻትም። የቀረው ሁሉ ያንቺ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅኩ ቀጥ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የእንስሳት ሐኪሟ፣ ዶክተር፣ እዚያ ነበሩ። ጋሽ ቱቦ ደግሞ ቧንቧ ልይ ብለው ተከትለውኝ ገቡ፤ ቢሮው ውስጥ ቧንቧ እንደሌለ ሁላችንም እያየን ነው። ሥራ አስኪያጁ አንቺን አንስተው ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። ከዚያ ምን ልርዳህ ልጄ ሲሉኝ፣ ደንብዎ ጥሩ ደንብ ነው፣ አልነካውም፤ ጉማሬ ግን በአሳማ ረድፍ መቀመጥ የለባትም፣ አሳማ የሩቅ ዘመዷ ነው፣ የቅርብ ዘመዷ ዓሣ ነባሪ ነው አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ዓሣ ነባሪ? ያ ባሕር ውስጥ ያለው? አሉ። አዎ ጌታዬ፣ የአክስት ልጆች ናቸው አልኩ። ጋሽ ቱቦ ከበሩ በኩል፣ ታዲያ ለሠርግ የማይጠራሩት ምን ተጣልተው ነው አሉ። ዶክተር ሳቃቸውን ሳል አስመስለው አሳለፉት።

ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀት እንዳይበርባቸው የሚጭኑበትን የጉማሬ መንጋጋ ጥርስ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። እየው፣ ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ የአሳማን ጥርስ አጠገቡ ብታስቀምጠው ወንድሙ ይመስልሃል፤ አባቶቻችን ዝም ብለው አይደለም ከአሳማ ጋር ያስቀመጧት አሉኝ። እታለም፣ እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። እውነታቸውን ነዋ! ሊቃውንቱም ለረጅም ዘመን የተሳሳቱት በዚያው ጥርስ ነው። ከዚያ አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ፤ ጥርስ የሚመስለው የሚበላውን ነው፣ ዘመድን የሚያውቀው ደም ነው። በደምና በሥጋ ውስጥ የተጻፈውን የዘር ምልክት ማንበብ ሲቻል ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ቀርባ ተገኘች። ከሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ቤት ነበሩ። ገሚሱ ወደ ባሕር ገብቶ በዚያው ቀረ። የጥንቶቹ ዓሣ ነባሪዎች እግር ነበራቸው፤ የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ልክ ሰኮናቸው እንደተሰነጠቀ እንስሳት ነው። ጉማሬ ወደ ባሕር ሳትሄድ ደጃፉ ላይ የቀረችው ዘመዳቸው ናት አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

ቀጠልኩ። ቆዳዋ ፀጉር አልባ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ ሲመታት ከቆዳዋ ቀይ ቅባት ይወጣል፤ ደምም ላብም አይደለም፣ ከፀሐይ የሚከላከላት ነው፤ እንዲህ ቀይ የሚወጣው አሳማ ካለ ያሳዩኝ። ሆዷ እንደ ላም በክፍል በክፍል ነው፣ ግን አታመሰኳም። ወንዱ ጉማሬ ሻምበል ደግሞ ወንድነቱን እንደ ዓሣ ነባሪ ሆዱ ውስጥ ደብቆ ነው የሚኖረው፤ የአሳማ ወንድ ግን ምንም የሚደብቀው የለም። ይህን ስል ዶክተር ፊት መሆኔ ትዝ ብሎኝ ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ። ጋሽ ቱቦ ግንባራቸውን በሩ ላይ ደግፈው ተንፈራፈሩ።

ዶክተር ሳቃቸውን ጨርሰው፣ ልጁ ልክ ነው፤ እኔ ስማር ከአሳማ ጋር ነበረች፣ ኋላ ተቀይሯል፤ ሰሌዳውና ማዋለጃው የተያያዙ መሆናቸውን ግን አስቤው አላውቅም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን ከመዳፌ ላይ አንስተው ወረቀታቸው ላይ መለሱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እሺ፣ ዘመዷ ዓሣ ነባሪ ይሁን፤ ግልገሉ ውሃ ውስጥ ተወልዶ ቢታፈንስ? ያኛውም የሞተው በእኔ ጊዜ ነው፣ ሁለተኛ አልችልም አሉ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ግትር ሳይሆኑ የፈሩ መሆናቸው የገባኝ። ፈሪን በወሬ ማሳመን አይቻልም። ጌታዬ፣ እባክዎ ወደ ገንዳው ይምጡና ራሷን ያዳምጧት አልኳቸው።

ያቺን የማዳመጫ ዘዴሽን ታስታውሺያታለሽ አይደል? የጋሽ ቱቦን ቱቦ ለመንኩ። አፉ ላይ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰካን፣ ጠርሙሱ ላይ የተቀደደ ፊኛ ወጥረን ውሃ እንዳያስገባ በላስቲክ አሰርነው። ያን ጫፍ ወደ ገንዳው ለቀቅን። ሌላውን ጫፍ ሥራ አስኪያጁ ክራባታቸውን እንዳሰሩ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። እመቤትና ሻምበል ሙሉ በሙሉ ጠልቀዋል፤ ከላይ የሚታየው ዝም ያለ ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ምንም የለም አሉ። ቆየት አሉና ፊታቸው ተለወጠ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ከታች ጓ ጓ ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይነጋገራሉ እኮ አሉ፣ በሹክሹክታ፣ እነሱ እንዳይሰሟቸው ይመስል። ምንድነው የምትለው አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ቱቦ፣ ከአሳማ ጋር አታስቀምጡኝ ነው የምትልዎት አሉ።

እታለም፣ ሥራ አስኪያጁ ሳቁ! ቱቦው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ሳቁ። ከታች ሻምበል ሳይደነግጥ አልቀረም።

በማግስቱ ጉማሬ ከአሳማ ረድፍ እንድትወጣ ፈረሙ። ዶክተርም ፈረሙ። ዶክተር አንድ ነገር ጨመሩ፤ ገንዳው አይድረቅ፣ ነገር ግን ውሃው ይቀነስ፣ እናቲቱ እንድትተኛበት፣ ግልገሏም በእግሯ ቆማ አፍንጫዋን እንድታወጣ። አንቺም ስታወሪ ጉልበትሽን እየነካሽ እስከዚህ ድረስ ትዪ አልነበር? ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ፤ በወሊዱ ቀን የማፍሰሻውን እጀታ እኔ ራሴ እይዛለሁ፣ ግልገሉ ከቆየብኝ እከፍተዋለሁ።

ሰሌዳ ጸሐፊው መጥቶ፣ ጉማሬንስ እጽፋለሁ፣ ዓሣ ነባሪው የት ነው የሚቆመው አለን። ባሕር ላይ ነው አልነው። እዚህ ሳይኖር ስሙን ልጻፍ? ደመወዙን ሌላ ሰው እንዳይበላው አለ። ድንክ ጉማሬ የምትባል እኅት አለቻት፣ በዓለም ላይ የቀሩት የጉማሬ ዓይነቶች ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እሷንም ጻፍ አልኩት። እሷም የለችም? ረድፉ በሙሉ ቀሪ ነው በለኛ አለ። ሆኖም ጽሑፉን አሳመረው። የጉማሬና የዓሣ ነባሪ ወገን ይላል፤ ፊደሉ ነጭ ነው፣ ከመንገዱ ሆኖ ይነበባል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ቅዳሜ ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። እማዬ ልጄ ስታወራው የኖረችውን ውሃ ልየው ብላ አብራኝ መጥታ ነበር፤ ቀኑ የወሊዱ ቀን መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። እመቤት ጠዋት ድርቆሿን አልነካችም። ሻምበልን ወደ ጎረቤት ገንዳ አስወጥተነዋል። ገንዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። ዶክተር ጫማቸውን አውልቀው አጥሩ ሥር ተንበረከኩ። ሥራ አስኪያጁ የማፍሰሻውን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ድንገት ውሃው ደፈረሰ። ከዚያ ዝም አለ።

ሁላችንም አየን፣ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር ከእመቤት በኋላ በኩል ወጥቶ ወደ ታች ገባ። አልወጣም። እመቤትም ጭንቅላቷን አጠለቀች። ውሃው ላይ ከእመቤት ጀርባ በቀር ምንም የለም። ሥራ አስኪያጁ ልክፈት አሉ። ዶክተርን ሳይሆን እኔን ነው የጠየቁት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። እታለም፣ እኔ እንዲህ ያለ ዝምታ አውቃለሁ። አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንዱን ትንፋሽሽን ስጠብቅ የነበረው ዝምታ ነው። ያኔ የምከፍተው ምንም እጀታ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ እከፍተው ነበር። አሁን ከተከፈተ ግን እመቤት በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ልጇን ከእግሯ ሥር ይዛ ትቀራለች። አይክፈቱ አልኳቸው። ልክፈት አሉ እንደገና። አይክፈቱ! ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሥራ አስኪያጅ ላይ ጮህኩ።

የእመቤት አፍንጫ ወጣ። ከአፍንጫዋ ላይ ደግሞ፣ በሹካ እንደተነሳ ነገር፣ ልጇ ወጣች።

ፑፍ አለች። እንደዚህ ነው ያለችው፣ ፑፍ። ሁለቱ ትንንሽ ጆሮዎቿ ውሃውን አራግፈው ተሽከረከሩ። ከዚያ በአራት እግሯ ቆማ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ እኛን እንደ ሞኝ አየችን።

ያን ጊዜ የሆነውን ብታዪ! ጋሽ ቱቦ ቱቦውን ወደ ላይ ከፍተው ሁላችንንም በውሃ አጠቡን። ዶክተር በባዶ እግራቸው ዘለሉ። ሥራ አስኪያጁ እጀታውን ለቀው መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። ግልገሏ ደግሞ ተመልሳ ጠለቀች፤ ሁሉም እንደገና ወይኔ አለ። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አትፍሩ፣ ጆሮዋን አጥፋ፣ አፍንጫዋን ዘግታ ጡት እየጠባች ነው፣ ውሃ ውስጥ ነው የሚጠቡት፣ ልክ እንደ ዓሣ ነባሪ ልጅ! አልኳቸው። ወጣች፣ ተነፈሰች፣ ተመልሳ ገባች። ወጣች፣ ተነፈሰች፣ ገባች። እማዬ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ውሃ እየተንጠፈጠፈ፣ ያቺ ልጅ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር እኮ አለች። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ ሰምተዋል? እውነት ነበር አለቻቸው። እሳቸውም ከመሬት ሳይነሱ፣ ሰምቻለሁ እናቴ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት አሏት።

ያን ቀን ማታ እማዬ ራቷን በላች፤ እንደ ድሮዋ ከሳህኔ ላይም ነጠቀችኝ።

እንግዲህ ወሬዬ ይህ ነው። ያለሽበት ቦታ ውሃ የማይጎድልበት፣ አየሩም ለሳንባሽ ሰፋ ያለ ይሁንልሽ። የተናገርሽውን አምኖ ቶሎ የሚሰማሽ ሰው በዙሪያሽ አይታጣ። እኛን በእንቅልፍ እየመጣሽ ጎብኚን፤ እማዬን አስቀድሚ፣ እሷ ይበልጥ ትፈልግሻለች።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ቀረኝ፤ የዛሬ ጠዋት ነገር። እስከ ዛሬ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር። ቤት እማዬ ከሥራ ቀርታ አብራኝ ነበረች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ገንዳው ጋ ከጋሽ ቱቦ ጋር እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። ዛሬ እሑድ ቢሆንም እማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ጋሽ ቱቦም እረፍት ወጡ። ስነሳ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። ለእመቤት ድርቆሿን በአጥሩ ላይ ጣልኩላት፤ ልጇ እናቷ ጀርባ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች።

አንድ አባት ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ይሄውልህ፣ ትልቅ አሳማ አለው። አላስቻለኝም። ጌታዬ፣ አሳማስ አይደለችም ብዬ ጀመርኩ፤ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀዩን ቅባት፣ ባሕር የገቡትንና ደጃፍ ላይ የቀረችውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሌሎች ሰዎችም ቆመው ሰሙ። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ቆየና ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ አለኝ። እህቴ፣ እዚህ ነው የምትሠራው አልኩት። ልጁ አንገቱን አዙሮ መተላለፊያውን በሙሉ ፈለገ። የታለች? አለኝ።

ዛሬ የለችም አልኩት። ከዚያ ውሃውን ከፍቼ መተላለፊያውን ከላይ እስከ ታች አጠብኩ።

ወንድምሽ